ጉድጓድ ውስጥ ያገኘሁት እግሬ

ከሱቄ እስከ መስጊዱ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ደጃፉ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ያለው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው የት እንደ ወለቀ አላውቅም። ጎረቤቴ ባለጨርቁ ቁልቁል አየና «ሰውዬ፣ እግርህን ምን ነካው?» አለኝ። ጣት የሚያህል የግራር እሾህ ውስጥ እግሬ ላይ ተሰክቶ ደሙ ይወርዳል። ራሴ ነቀልኩት። ምንም አልተሰማኝም። የሌላ ሰው እግር የነካሁ መሰለኝ።

ቀጥሎ መንገዳገድ መጣ። ነገሌ ትንሽ ከተማ ናት፤ በጠራራ ፀሐይ ግድግዳ ይዞ ለሚሄድ ሰው የምታወጣው ስም አንድ ነው። ጠጅ ቤት አጠገብ ሳልፍ አፍንጫዬን የምይዘው ሰውዬ ሰካራም ተባልኩ። ከሱቁ ሌላ በከብት እነግዳለሁ፤ ቦረናው አርብቶ አደር ደግሞ በሬውን ለሰካራም ነጋዴ አምኖ አይሰጥም። አንድ ደላላ ገበያ መሐል «ዛሬስ በጠዋቱ ጀመርክ?» ሲለኝ አብሬው ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ሦስት ቀን አልወጣሁም።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ የውጭ ሰው ነበር፤ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና የነርቭ በሽታ ነው አለኝ። ስሙን ስጠራው ዛሬም ምላሴ ይደናቀፋል፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ።

«መድኃኒቱስ?» አልኩት።

«ዕረፍት። እንዳትደክም።»

ያን ጊዜ ሐኪም ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ተንገጫግጬ የሄድኩት ተኛ ለመባል ነው!

ተኛሁ፤ አምስት ወር። ስነሳ እግሬ ሸምበቆ ሆኗል። በፊት ግድግዳ ይዤ እሄድ የነበርኩት አሁን ባለቤቴን መያዝ ጀመርኩ። «ዕረፍቱ ሊጨርስህ ነው» አለችና ከብት ሊገዙ ወደ ቆላ ከሚወርዱ ጓደኞቼ ጋር አስጫነችኝ። «ከብት ባትገዛ አየር ትገዛለህ።»

የቦረና ጉድጓድ ጥልቅ ነው። ሰዎች ግድግዳው ላይ በተቆረጡ እርከኖች አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በቆዳ ባልዲ ይቀባበላሉ። የውሃውን ተራ የሚያዙት ሽማግሌ አፋፉ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። «አካም፣ ናጋ» ብለን በኦሮምኛ ሰላም ተባባልንና፣

«ምነው፣ አማትህ ቤት ነህ እንዴ? ውረድና አግዝ እንጂ» አሉኝ።

«አባ፣ እግሬን አሞኛል። ስቆም እወድቃለሁ።»

«ባልዲ የምትቀበለው በእግርህ ነው? ተቀምጠህ ተቀበላ!»

ጎረምሶቹ ሳቁ፤ ሁለቱ ደግፈው አወረዱኝና ከታች ሁለተኛው እርከን ላይ አስቀመጡኝ። ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ባልዲዎች ከበታቼ ያለው ሰው ራስ ላይ ደፋኋቸው። «ነጋዴው! የምታጠጣው ከብቱን ነው እኔን?» አለ። ቀስ በቀስ ግን ክንዴ ከዘፈኑ ጋር ገጠመ።

ከብቱ ጠጥቶ ሲያበቃ ሊደግፉኝ መጡ። እኔ ለካ ቆሜአለሁ። መቼ እንደ ተነሣሁ አላውቅም። እርከኑን እየቧጠጥኩ፣ ማንም ሳይዘኝ ወጣሁ። ደስታ አልነበረም፤ ድንጋጤ ነው።

ፀሐዩ ላይ ትንሽ እንደ ተራመድኩ እግሬ እንደገና ከዳኝ። ጥላ ስር ጎትተው አስቀመጡኝና ሲቀዘቅዝልኝ ተመለሰ። ጠላትህ ድካም ነው ተብዬ አምስት ወር የተኛሁት እኮ ነኝ፤ ለካ እኔን የሚጥለኝ ሙቀቱ ኖሯል።

አንድ ወር እዚያው ከረምኩ፤ በየቀኑ ባልዲ ተቀበልኩ። በሽታው አልለቀቀኝም፣ ዛሬም አብረን ነን። ነገር ግን ነገሌ በተመለስኩ ማግስት፣ ሙቀቱ ሳይመጣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከዘራ ይዤ የከብቱን ገበያ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ተነሣሁ። መሐሉ ላይ ተደናቀፍኩና ተንበረከክሁ።

ደላላው አላሳለፈኝም። «ገና ሳይነጋ?» አለ።

«አልጠጣሁም» አልኩት፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። «ታምሜአለሁ። የነርቭ በሽታ ነው፤ እግሬ አይሰማኝም፣ ሲሞቀኝ እወድቃለሁ።»

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ደላላው መሬት መሬት አየ።

በሬ ሊሸጥ የመጣ አንድ ቦረና በትሩን ዘረጋልኝ፤ ይዤው ተነሣሁ።

«የኔዎቹ በሬዎች ወዲያ ናቸው» አለኝ። «ፀሐይ ሳይበረታብህ ናና እያቸው።»