ሚሺጋን የቀላችበት ቀን

ኢስት ዮርክ ውስጥ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት፣ ምሳ የማቀርብበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ከማለዳ ጀምሮ የአሜሪካን ካርታ ዘርግቶ እንዳሸነፈበት ፓርቲ አንዱን ስቴት ሰማያዊ፣ ሌላውን ቀይ ሲቀባ፣ የእኛዎቹ ካናዳውያን ሽማግሌዎች ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው ለእነሱ ይመስል ሾርባቸውን አቀዝቅዘው አፍጥጠዋል። እኔም ሳህን እንደያዝኩ ቀርቻለሁ። ዓይኔ የእጅ ጓንት የምትመስለው ሚሺጋን ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ መስፍን እዚያ ነው የሚኖረው፤ በዚችው ስቴት ምርጫ ሰበብ ከተኮራረፍን ደግሞ ጾም አልፎ ሌላ ጾም መጥቷል። ጓንቷ ቀላች። አንዱ ሽማግሌ አጨበጨቡ፣ አንዷ አሮጊት ማንኪያቸውን ወረወሩ፣ እኔ ግን ማን አሸነፈ ከማለት ይልቅ ወንድሜ ምን ሆኖ ይሆን አልኩ።

ነገሩ የተጀመረው የካቲት ላይ፣ የዚህ አገር በረዶ ሳይወጣ፣ ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ነው። መስፍን ዜግነት ካገኘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ በደስታ ኮል አደረገልኝ። ማንን መረጥክ ብዬ ብጠይቀው፣ «ማንንም። ወረቀቱ ላይ ከእጩዎቹ ሌላ ‹አልወሰንኩም› የሚል ምርጫ አለ፣ እሱ ላይ ምልክት አደረግኩ» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ወረቀት የጠበቅከው ለዚህ ነው እንዴ፣ አንዱን ምረጥ እንጂ አልኩት። «አንቺ በማትመርጪበት አገር ምን ጥልቅ አደረገሽ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የንስሐ አባቴ «በቂም አይቆረብም፣ ልጄ፤ ታረቂና ነዪ» ብለውኛል፤ ለኅዳር ጽዮን ደግሞ መቁረብ እፈልጋለሁ፣ ቀኑም እየሮጠብኝ ነው። ስልኩን አነሳና ስሙ ላይ ስደርስ እጄ ይመለሳል።

ሳህኑን ይዤ እዚያው ቆሜ፣ ሐሳቤ ደሴ ገባ፤ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ዝናብ ካባራ በኋላ የረገጡት ሣርና የሰው የእሑድ ልብስ ሽታ ወደሚደባለቅበት የሰፈራችን ሜዳ። የእድር ዳኛ ሲመረጥ ካርድ የለ፣ ሳጥን የለ፤ እጩዎቹ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ እድርተኛው ከመረጠው ሰው ኋላ ይሰለፋል፣ ሰልፉ የረዘመለት ዳኛ ይሆናል። ልጆች ሳለን አንድ እሑድ፣ በአንድ ወገን የመስፍን ክርስትና አባት ጋሽ ተፈራ፣ በሌላው አጥር የምንጋራቸው አቶ ይመር ቆሙ። እማማ እጄን ይዛ ወደ ጋሽ ተፈራ ሰልፍ ስትነጉድ፣ ልብስ ሰፊው አባቴ ግን ጃንጥላውን ተመርኩዞ ከሁለቱ ሰልፍ መሃል ቆመ፤ መስፍን የኮቱን ጫፍ ይዞ አብሮት። መጀመሪያ የሚያስብ መስሏቸው ጠበቁት። ከዚያ ሜዳው ተንጫጫ።

«ደምሴ! ሚስትህ ሄደችልህ እኮ!»

«ተዉት፣ እያንዳንዱን በሜትር እየለካ ነው!»

አባባ ኮቱን አስተካክሎ፣ «ሐዘን ቢደርስብኝ ግማሹ እድርተኛ ቤቱ እንዳይቀር ብዬ ነው!» ሲል ሁለቱም ሰልፍ በሳቅ ፈረሰና ቆጠራው እንደገና ተጀመረ። እማማ በኀፍረት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ «እድሜ ልኩን ወገን ሳይለይ ሊሞት ነው» እያለች ስታጉረመርም እኔም አብሬያት ተቆጣሁ። ሲያበቃ ግን የተሸነፉት አቶ ይመር ጋሽ ተፈራን አቅፈው ሳሙ፣ አባባን ሲሳደቡ የዋሉት ሁሉ እየጎተቱ ወደ አቶ ይመር ቤት ይዘውት ገቡ፤ ትኩስ ዳቦ እየቆረስን፣ ሻይ እየጠጣን፣ ያንኑ ስድብ ከመጀመሪያው እየደገሙ ሲስቁበት አመሸን። አባባ ከሁሉም አብልጦ ይስቅ ነበር።

ብሬክ ሲደርስ በጓሮ በር ወጥቼ፣ ብርዱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ በስመ ሥላሴ ብዬ ደወልኩ። ወዲያው አነሳው።

«አቤት፣ እታለም።»

ድምፁን ስሰማ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ደህና ነህ ብቻ አልኩት።

«ትናንት መረጥኩ» አለኝ። «በካርቶን ተከልዬ ምልክት አደረግኩና ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ዞር ብዬ ባይ አንድ የሚያውቀኝ ሰው የለም። አባባን ሜዳው ሙሉ በስሙ እየጠራ ነው የሰደበው፤ እኔን የተቆጣሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ በአንቺም ላይ ስልክ ዘጋሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። አሁንም ማንን መረጥክ በይኝ እስቲ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አልኩና እንባዬን በጓንቴ ጠርጌ፣ «እሺ፣ ማንን መረጥክ?»

«አልነግርሽም!» ብሎ ሳቀ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዳልሳቅኩ እስኪታወቀኝ ድረስ ሳቅኩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወደ ውስጥ ሳልገባ ብርዱ ላይ ቆየሁ። ያን ሜዳ ሕንፃ ሞልቶታል ይላሉ፤ በቀኝም በግራም የተሰለፉት አብዛኞቹ አፈር ለብሰዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ የቀረነውም ተበትነናል። ትልቅ ሰፈር ሙሉ ተቆጪና ሰዳቢ የነበረን ልጆች፣ ዛሬ በስማችን ጠርቶ የሚቆጣን ሰው ለእኔ እሱ፣ ለእሱ እኔ ብቻ ቀርተናል፤ የቀረንን ያንን አንድ ተቆጪም ከየካቲት እስከ ኅዳር መዳረሻ ዝም አሰኝተነው ነበር።