አቡ ሙሃነድ የተማረው

ኢብቲሃል በኢራቋ ሞሱል ከተማ አንጎላቸው ክፉኛ የተጎዳባቸውን ሰዎች ኑሮን እንደ አዲስ ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሸሚዝ መቆለፍ፣ የቤትን በር መለየት፣ የሚስትን ስም መጥራት። አንድ የማትሽረው ደንብ አላት፤ በሽተኛው እንዲገምት አትፈቅድም። መልሱን ቀድማ ትነግረዋለች። ማስታወስ የተሳነው ሰው መታረሙን ይረሳል፤ ስሕተቱ ግን ሥር ሰዶ ይቀራል።

ቀለም ቀቢው ጋኒም ወደ እርሷ የመጣው በመኪና አደጋ አርባ ቀን ራሱን ስቶ ከቆየ በኋላ ነው። አብሮት የነበረው አንድያ ልጁ ሙሃነድ እዚያው ሞቷል። ጋኒም ሲነቃ ሚስቱ ሳቢሃ ጨነቃትና «ሙሃነድ ባስራ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሲነገረው ፈሰሰ፣ ያቺ ቃል ብቻ ተተከለች።

«አቡ ሙሃነድ፣ ቁልፉን ከታች ይጀምሩ» ትለዋለች ኢብቲሃል።

«ተይው ልጄ፣ ሙሽራ አደረግሽኝ እንዴ? ሙሃነድ ከባስራ ሲመጣ ይቆልፍልኛል።»

እርሱ አቡ፣ ሚስቱ ኡም ሙሃነድ፣ የሙሃነድ አባትና እናት ተብለው የሚጠሩት በልጃቸው ስም ነውና፣ ጋኒም በተጠራ ቁጥር ልጁን ይጠይቃል።

አንድ ጠዋት ሳቢሃ ኮሪደር ላይ የኢብቲሃልን ክንድ ያዘች። «እውነቱን አስተምሪልኝ። ሁለት ዓመት ብቻዬን አለቀስኩ።»

«ኡም ሙሃነድ፣ ለእሳቸው እኮ በየቀኑ አዲስ መርዶ ነው። በየቀኑ ሊቀብሩት ነው።»

«እኔስ ሳልቀብረው የዋልኩበት ቀን አለ?»

ጀመሩ። ኢብቲሃል የመቃብሩን ፎቶ እጁ ላይ አኑራ፣ «ሙሃነድ ሞቷል፤ የተቀበረው ከአያቱ ጎን ነው» አለችው። ጋኒም ጮኸ፣ ደረቱን ደቃ። ቀትር ላይ ረሳው። በማግስቱ እንደገና ጮኸ። በዘጠነኛው ቀን ኢብቲሃል መታጠቢያ ቤት ገብታ አስመለሳት። ግን አላቆመችም፤ ጀምሮ መተው ከሁሉ የከፋ መሰላት።

በሁለተኛው ወር ጋኒም ቀደማት። «ሙሃነድ ሞቷል፤ የተቀበረው ከአያቱ ጎን ነው» አለ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው እንደሚል ሰው። እንባ የለ፣ ጩኸት የለ። ሳቢሃ አብራው ልታለቅስ መሐረቧን አውጥታ ነበር። ስትንሰቀሰቅ ግራ ተጋብቶ አያት።

«ምነው አንቺ፣ ማን ሞተብሽ?»

በረመዳን ዋዜማ ሳቢሃ ወደ ቤቱ ወሰደችው። ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል። «አቡ ሙሃነድ» ብለው ሲጠሩት ግን ዞር አይልም፤ ጎረቤቱም ጋኒም ማለት ለመደ።

ኢብቲሃል ዛሬም እዚያው ትሠራለች። አዲስ በሽተኛ ሲመጣ አስቀድማ ቤተሰቡን ትጠይቃለች፤ «ሲነቃ መጀመሪያ ምን አላችሁት?»