ያልቆመው መርዶ

ሩታ የሸጎሌ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ፣ ድረ ገጽ ከሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጠረች፤ አለቃዋ መሳይ ይባላል። የሰፈሯ እድር መርዶ በስልክ መልእክት የሚልክበትን ገጽ የሠራችውም እሷ ናት። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ጌጡ የሟችን ስም ይጽፉና «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናሉ፤ መልእክቱ ለአባላቱ ሁሉ ይሄዳል።

አባላቱ ብዙ ስለሆኑ ግን መላኩ ጊዜ ይወስዳል። ሩታ ሥራው የት እንደደረሰ ገጹ እንዲያሳይ፣ ሁለተኛ ሲጫኑት እንዳይቀበል፣ ማቆሚያም እንዲኖረው ለመሳይ ነግራው ነበር። እሱ ደንበኛ የሚያየው ቁልፉን ነው፣ ከጀርባ ያለውን ማን ያየዋል ብሎ እንዳለ አስረከበው።

ወይዘሮ አፀደ ያረፉ ዕለት አቶ ጌጡ «ላክ»ን ተጫኑ። ገጹ ዝም አለ። አልሄደም ብለው ደገሙት፤ ዘግተው ከፈቱና እንደገና ተጫኑት። በተጫኑ ቁጥር ከጀርባ አዲስ መላክ እየተጀመረ መሆኑን፣ ገጹ ቢዘጋም እንደማይቆም የነገራቸው የለም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ በየኪሱ ስልክ ይጮህ ጀመር። «ወይዘሮ አፀደ አርፈዋል።» ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እንደገና። የሟች ልጅ ቢኒያምም አባል ነውና ለእሱም ይደርሰዋል። በመጨረሻ ተነሥቶ አቶ ጌጡ ፊት ቆመ።

«እናቴን ስንቴ ነው የሚገድሏት?»

እዚያው ለቅሶ ላይ የነበረችው ሩታ ከድንኳኑ ወጥታ ለመሳይ ደወለች፤ መላኩ የሚካሄድበትን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል የያዘው እሱ ብቻ ነው። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ራሱ ያልቃል፣ ተይው አላት። ደሟ ፈላ። በታክሲ ወደ ቢሮ ሄዳ ከስብሰባው አስጠራችውና አጠገቡ ቆማ ኮምፒውተሩን አስከፈተችው። ከጀርባ የቀጠሉትን መላኮች አንድ በአንድ አስቆመቻቸው። እሱ ይህን ሁሉ ስልኩን እየነካካ ነበር የሚያየው።

በማግስቱ መሳይ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ለቢኒያምም ጥፋቱ የገጹ ሳይሆን ደጋግመው የተጫኑት የአቶ ጌጡ መሆኑን ያስረዳው ጀመር። አቶ ጌጡ እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። ሩታ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«አትዋሽ፣» አለችው። «ሰው ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል። አንዴ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ የእኛ ሥራ ነበር። ልሥራው ስልህ ከለከልከኝ።»

መሳይ ነፍስ ይማር ብሎ ወጣ። ቢሮ ስትገባ ሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ጮኸባት፤ እድሩ ገጹ ካልተስተካከለ ውል እናፈርሳለን ባይለው ኖሮ ያባርራት ነበር። ያን ጊዜ የከለከላትን ሁሉ ሠራችው። አሁን ገጹ ስንት እንደተላከና ስንት እንደቀረ ያሳያል፤ ማቆሚያም አለው።

ቢኒያም አቶ ጌጡ ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። እሳቸው ግን በሰው ሬሳ የቀለድኩ ይመስለኛል፣ ከእንግዲህ እጄ አይነካውም ብለው ጸሐፊነቱን ለቀቁ። ሩታ ደጋግማ ብትለምናቸውም እንቢ አሉ። መንገድ ላይ ባየቻቸው ቁጥር በመሳይ ላይ ያላት ንዴት እንደ አዲስ ይነሣል፤ ከሥራ ጉዳይ በቀርም አታናግረውም።