የጎፈር የጡት እህት

ጋሽ ሸረፈዲን ውሻቸውን ሲያሞግሱ ሰሚው ይሰለቻል እንጂ እሳቸው አይደክሙም ነበር። ጎፈር ይሉታል። እናቱ ማር ነጋዴዎችን ተከትላ ከላስታ የወረደች ጠጉራም ውሻ ናት፤ አባቱ ደግሞ ከአፋር በኩል የመጣ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም። «ልቡን ከእናቱ፣ እግሩን ከአባቱ ወሰደ» ይላሉ። ጠጉሩንም ከእናቱ መውሰዱ ግን ለራያ ሙቀት አልተመቸም። ስለዚህ በጋው ሳይጠና አንገቱንና ሆዱን በመቀስ ይከረክሙለታል። መዥገሩን ከጆሮው ሥር ይለቅማሉ፣ የግራር እሾህ ከጣቶቹ መሀል ይነቅላሉ፤ ከዚያ ሶላት ሳይደርስ እጃቸውን በአፈርና በውሃ ደጋግመው ያጥባሉ። በየዓመቱም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለማስወጋት ቆቦ ድረስ ይጎትቱታል። ጎረቤቶቻቸው፣ «ሸረፈዲን፣ ለራስህስ ሐኪም ቤት ሄደህ ታውቃለህ?» እያሉ ያሾፉባቸዋል። አያውቁም።

እሳቸው በሚኖሩበት ከጎብዬ በታች ባለው ቀበሌ፣ የፍየል ውሻ የሚያድገው በፍየል ጡት ነው። ቡችላው ዓይኑን በገለጠ ሰሞን ከአንድ ግልገል ጋር አብሮ ይጠባል። ጎፈር ከአንዲት ነጭ ግልገል ጋር ጠባ። እሷ አድጋ መንጋውን የምትመራ ሆነች፤ እሱም ጅብ በመጣ ቁጥር በእሷና በጅቡ መሀል ይቆማል። እንዲህ ያለ ውሻ አይሸጥም። ለሌላ ሰው ሲሰጥም የጡት እህቱ አብራው ትሄዳለች፤ ካለዚያ አይቀመጥም። ይህን ደንብ ለመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ያስተማሩት ራሳቸው ጋሽ ሸረፈዲን ናቸው።

ባለፈው ዓመት ጉልበታቸው ከዳቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ቆቦ ልብስ የምትሰፋው ልጃቸው ራዊያ፣ «አባዬ፣ ከእኔ ጋር ይኑሩ» ብላ ስትለምናቸው ከርማ በመጨረሻ እሺ አሏት። ፍየሎቹ ጎብዬ ገበያ ወጡ። ነጋዴው ግን ነጯ ካልተጨመረች መንጋውን አልወስድም አለ፤ እሷ ካልመራች ሌሎቹ መኪናው ላይ አይወጡለትም። ጋሽ ሸረፈዲን አመነቱ። ከዚያ ኩራት ያዛቸው። ጎፈር እኔን ነው የሚወደው፣ እኔ ካልኩት ቦታ ንቅንቅ አይልም ብለው ነጯንም ለቀቋት።

ለከተማ ኑሮ የማይሆነውን ውሻ ሊወስድ ዋጃ ያለው ፍየል አርቢ ወዳጃቸው ሕሉፍ መጣ። ግቢውን ግራ ቀኝ አየና፣

«ፍየሏስ፣ ጋሼ?» አለ።

«ፍየል ምን ያደርግልሃል? እኔ ነግሬዋለሁ፤ ይቀመጣል። ቀትር ላይ ጥላና ውሃ አትንፈገው። ጠጉሩን ከርክምለት። ደግሞ እንዳታስረው፤ ታስሮ የሚውል ውሻ አይደለም።»

ሕሉፍ ቃላቸውን አክብሮ አላሰረውም። ብዙም ሳይቆይ ደወለ፤ ጎፈር ጠፍቷል።

ጋሽ ሸረፈዲን የት ይሆን ብለው ማንንም አልጠየቁም። በባጃጅ እስከ ጎብዬ፣ ከዚያ በምርኩዝ እያነከሱ ወደ ድሮ ግቢያቸው ወረዱ። ጎፈር ባዶው በረት በር ላይ ተጋድሟል። አስፋልቱ የእግሩን መዳፍ ልጦታል፤ የጎኑ አጥንት ይቆጠራል። ሲያያቸው ዘሎ ተነሳና ጅራቱን እየቆላ መጣ። ደረሰባቸው፣ አልፏቸው ሄደ፣ መንገዱን እያየ ቆመ። ከኋላቸው የሚመጡትን ፍየሎች መጠበቁ ነበር። የሚመጣ ሲጠፋ ተመልሶ በሩ ላይ ተኛ።

ለነጋዴው ደወሉለት። ነጯ ለአረፋ ታርዳ ተበልታለች። ከጎረቤት ሌላ ፍየል ተውሰው አመጡለት፤ አሸተታትና ፊቱን አዞረ። ወተት አቀረቡለት፤ አፉን አላስነካም። የእንስሳት ሐኪም ለምነው አስመጡ፤ መርፌ ወጋውና የረባ በሽታ አላገኘሁበትም ብሎ ሄደ። ጋሽ ሸረፈዲን እዚያው ጎረቤት እያደሩ፣ ቀን ቀን ቁስሉን እያጠቡ፣ ዝንቡን እሽ እያሉ ሰነበቱ። ጎፈር ግን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ሞተ።

ራዊያ ልትወስዳቸው ስትመጣ ቀብረውት፣ እጃቸው አፈር እንደሆነ በረቱ አጠገብ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እናቷ የሞቱ ዕለት እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየችም፤ ደነገጠች።

«አባዬ፣ በቃዎ። ይወድዎት ነበር እኮ።»

«ከዋጃ የመጣ በቆቦ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ራዊያ። እኔ ያለሁበትን ከተማ አልፎ ነው እዚህ የመጣው። የፍየሎቹ ነበር፤ የእኔ አልነበረም።»

«እሺ፣ አሁን እንሂድ። ባጃጁ እየጠበቀን ነው» አለች፣ ልታስነሳቸው እጇን ዘርግታ።

«እኔም እንደ እሱ የፍየሎቹ ነበርኩ» አሉ። «አንቺ ይህን አታውቂም፣ ልጄ። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ።»

ራዊያ የዘረጋችውን እጇን ሰብስባ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።