ያለቀሰው የብረት ሰው

የአዳራሹ ባለቤት አቶ ሰብስቤ ነበሩ። ፊልሙን የሚያጫውተው ኦፕሬተር ከድር ይባላል። ልጄ መኮንን አንዋር መስጊድ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አቶ ሰብስቤ ማይክሮፎኑን ሰጡኝና፣ «ተመልካቹ የእህል በረንዳ ተሸካሚ ነው፤ እንግሊዝኛ አያውቅም። አንተም ብዙ አታውቅም። ብቻ ዝም እንዳትል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ቋንቋውን የለቃቀምኩት ከአንድ ህንዳዊ ነጋዴ ሱቅ ስላላክ ነው።

ሥራው ከሸራው ጎን ቆሞ የሚባለውን በአማርኛ መናገር ነው። ፊልሙ ውስጥ ጥቁር ካለ ሕዝቡ «የኛ ሰው» ይለዋል። የኛ ሰው ወይ ዕቃ ይሸከማል፣ ወይ ቀድሞ ይሞታል። ሲሞት ወንበር ይደበደባል። ልጆቼ ይህን እያዩ እንዳያድጉ ከልክዬ ነበር። መኮንን ግን ራሱን ሲችል ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ።

አንድ ጊዜ ስለ ሩቅ ኮከብ የሚያወራ ፊልም መጣ። ኮከቡን የሚገዛው ንጉሥ የብረት ወታደሮች አሉት። ከዙፋኑ አጠገብ የቆመው ዘበኛ ግን ሰው ነው፤ ያውም የኛ ሰው። ንጉሡ የተራበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ይለዋል። ዘበኛው ሕዝቡን አይቶ ያለቅሳል፤ መሣሪያውን ወደ ዙፋኑ ያዞራል።

ፊልሙን አስቀድሞ ያየው የሳንሱር ሹም እኔንና አቶ ሰብስቤን አስጠራን።

«ይቆረጥ ይሆን?» አሉ አቶ ሰብስቤ በፍርሃት።

«ተቆርጦ ምን ሊተርፍ? አንተ፣ ንጉሡን ጠንቋይ በለው። ዘበኛውም የብረት ሰው ነው፤ ተበላሽቶ ነው በል።»

«ጌታዬ፣ ያለቅሳል እኮ» አልኩ።

«ስለ እንባው ማን ጠየቀህ?»

ፊልሙ በታየበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የታዘዝኩትን ተናገርኩ። የዘበኛው ፊት ሸራውን ሞልቶ ሲያለቅስ፣ «የብረት ሰውየው ተበላሸ» አልኩ።

ከፊት ወንበር የማውቀው ድምፅ መጣ። «አባባ፣ ብረት ያለቅሳል እንዴ?»

አዳራሹ አውካካ። አንዱ ተሸካሚ «ዘይቱ ነው የሚፈሰው!» አለ። መኮንን አልሳቀም። «ያየኸውን ተናገር ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

እኔ ነኝ። ልጁን እውነት ተናገር ብሎ ያሳደገ አባት፣ የተናገረ ዕለት ዝም በል ሊለው አይችልም። «ሰው ነው» አልኩ በማይክሮፎኑ። «ንጉሡን እምቢ አለ።»

ሳቁ ቆመ፤ ከዚያ ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ከተመልካቹ መሐል ነጭ ለባሽ ፖሊሶች ተነሱ። ወደ እኔ ሲመጡ መኮንን መንገዳቸው ላይ ቆመ። «የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸውን ተዉአቸው» አለ። ሁለታችንንም ወሰዱን። ቀድሞ የተፈታሁት እኔ ነኝ።

ይህን ሥራ ለምትሠሩ የምለው አጭር ነው። ቃላችሁ ከሥዕሉ ካልገጠመ፣ ሕዝብ ሥዕሉን ያምናል።

ያ ፊልም አቶ ሰብስቤን አዳራሻቸውን አስከፈላቸው፤ ዛሬ የበርበሬ መጋዘን ነው። ከድርን እንጀራውን፣ እኔን ማይክሮፎኑን አስከፈለን። መኮንንን ቀኝ እጁን አስከፈለው። ልብስ ሰፊ ነበር።