ፔዳሉ ላይ ያለው እግር

ሰፈሩ «አባ ጆሮ» ይለዋል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንደማንም ሰው ጆሮ ነው። ስሙ የወጣለት መኪና በመስማቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በየቤቱ እየዞረ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ጡረተኛ እንጂ መካኒክ እንኳን አይደለም። ያም ሆኖ በደጁ የሚያልፍ አሮጌ መኪና ሁሉ ሳይመረመር አያልፍም ነበር። ጠዋት ሲነሳ የሚያለቅስ ከሆነ «የሞተሩ ቺንጋ ላልቷል፣ አጥብቀው» ይላል በመስኮት። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ብቻ ካለ ደግሞ «ባትሪ ልግዛ እንዳትል! ጫፉ ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር በሙቅ ውሃ እጠበው።» ሰዎቹ እያጉረመረሙ ይሄዱና እንዳለው ሆኖ ያገኙታል። የራሱ ቤት በር ሲጢጥ ሲል ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሚስቱ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ያሉት ላንተ ነው» ትለው ነበር።

አንድ ሕግ ነበረው። ብልሽት ስትፈልግ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ተመልከት። ሁለት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው መኪናው ቢድንለትም ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ እንዲህ ያለውን ሰው አባ ጆሮ ሰው ብሎ አይቆጥረውም ነበር።

የገዛ መኪናው ከሴት ልጁ በዕድሜ ትበልጣለች። ጋራዥ ገብታ አታውቅም። እሁድ እሁድ እሱ ከሥር ይተኛል፣ ሚስቱ መሪው ላይ ትቀመጣለች። መንዳት አትችልም፣ ለመቻልም አምሯት አያውቅም። ፍሬን ላይ ግን እሷን የሚያህል አልነበረም። ፍሬን ውስጥ አየር ሲገባ ፔዳሉ ትራስ እንደረገጡ ይሰምጣል። አየሩን ለማስወጣት የግድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ፈታ ሲያደርግ የፍሬኑ ዘይት አየሩን ይዞ በላስቲክ ቱቦ ጠርሙስ ውስጥ ይወርዳል። ቡሎኑ ሳይጠብቅ እግር ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ልርገጥልህ ብሎ ተቀምጦ፣ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ ሰላም ሊል ብድግ አለ። ከዚያ ወዲያ ከሚስቱ በቀር ፔዳሉን የነካ ሰው የለም።

«ርገጪ!» ይላል ከሥር።

«ያዝኩ!» ትላለች ከላይ።

«ልቀቂ!»

ትዳራቸውም ከዚህ ብዙ የራቀ ወሬ አልነበረውም። ደግሞም ተስማምቷቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት ፍሬኑ ላላ። ቱቦዎቹን ለወጠ፤ አየሩን አስወጡ፤ ፔዳሉ ያው ትራስ። እሷ «ያዝኩ» ስትለው ዘይቱ እንደ ሽማግሌ ሽንት ጠብ ጠብ ይላል። እንግዲያው የፍሬኑ ፓምፕ ነው ብሎ ፈረደ። ከመንገዱ ጥግ ካለው መለዋወጫ ሻጭ አዲስ ገዝቶ ገጠመ፤ ምንም ለውጥ የለም። ተመልሶ ጮኸበት፤ ሻጩ ለወጠለት። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ያን ጊዜ በገበያተኛ ፊት «ሌባ! የሞተ ዕቃ ለሰው የምትሸጥ ሌባ!» ብሎት፣ ሁለተኛ ደጃፉን ላይረግጥ ምሎ ወጣ።

«ተው እንጂ፣ የሰው ስም አታጥፋ» አለችው ሚስቱ። «ይደርሳል ፍሬኑ።»

አልደረሰም። እሷ አልጋ ያዘች፣ ሳትነሳም ሞተች።

ቀብሯ ላይ አላለቀሰም። ሰው «ጠንካራ ነው» አለ። ጠንካራስ አልነበረም፤ ውስጡ ምንም ነገር ስላልነበረ ነው። ያቀረቡለትን ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። መኪናዋ ድንጋይ ላይ እንደተሰቀለች ጓሮ ውስጥ አቧራ ጠጣች። አንድ ቀን የፀጉር አስተካካዩ መኪና ደጁ ላይ ቆማ ስትጮህ ዋለች፤ አባ ጆሮ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። አለማልቀሱ ያላስደነገጠውን ጎረቤት ይሄ አስደነገጠው።

ልጁ በየሳምንቱ እየመጣች ቤቱን ታስተካክልለታለች። አንድ እሁድ ፊቱ ቆማ፣ «አባዬ፣ ብረት ሰብሳቢዎቹ ነገ መጥተው መኪናዋን ይውሰዷት» አለችው።

«ይውሰዷት።»

አይሆንም እንዲላት ነበር የፈለገችው። እንዲጮህባት፣ እንዲቆጣ።

«እንዲህ በቀላሉ? የእማዬ እሁድ ሁሉ እዚያች መኪና ውስጥ አይደል እንዴ ያለቀው?» ድምጿ ተሰበረ። «ተነስ። አንድ ጊዜ እንሞክራት፣ እኔ እረግጥልሃለሁ። ፍሬኗ ካልያዘ ያን ጊዜ ሂጂ በላት።»

ተነሳ። እምቢ ማለት ከመነሳት ይበልጥ አድካሚ ሆኖበት ነው እንጂ አምሮት አይደለም።

ዘይት ሞላ። ከፓምፑ ከሚርቀው ከኋላው ጎማ ጀመረ። ቡሎኑ ዝጎ ነበር፤ ናፍጣ ጠብ አድርጎበት፣ በመዶሻ ቀስ ብሎ ኮርኩሞ አላቀቀው። ቱቦውን ሰካ፣ ጠርሙሱን አስጠጋ።

«ርገጪ።»

«ያዝኩ።»

ፈታ ሲያደርገው ዘይቱ ተስፈንጥሮ ወጣ። ቱቦው ከጠርሙሱ አምልጦ እጅጌውንና ጉንጩን አለበሰው። ቶሎ አጠበቀና እንደተጋደመ ቀረ።

ፓምፑ ያው ፓምፕ ነው። ቱቦው ያው፣ ቡሎኑም ያው። አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ተመልከት። የተቀየረው የሚረግጠው እግር ብቻ ነው።

«የእናትሽ እግር» አለ ከሥር፣ «መቼ ነው የደከማት?»

ልጁ ፔዳሉን እንደረገጠች ናት።

«ንገሪኝ።»

«አልጋ ከመያዟ ብዙ ቀደም ብሎ ነው፣ አባዬ። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትደገፍ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኳት። ‹አሁን ብነግረው ሁሉን ጥሎ ይነሳል፤ ፍሬኑን ይጨርስና እንሄዳለን› አለችኝ። እንዳትነግሪው ብላ አስማለችኝ።»

«ቀድማ ብትታይ ትድን ነበር?»

«አላውቅም። ሐኪሙንም አልጠየቅኩትም። ፈራሁ።»

እሷ ፍሬኑ እስኪያልቅ ስትጠብቅ፣ ፍሬኑ ደግሞ በዚያ በደከመ እግር ሊያልቅ አይችልም ነበር። አባ ጆሮ ያን «ያዝኩ» አስታወሰው። በኋላ በኋላ ትንፋሽ እያጠራት፣ ዘግየት እያለ ነበር የሚመጣው። የመንገድ መኪና ቺንጋ ከአልጋው ሆኖ የሚሰማ ሰው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ከራሱ በላይ ያለውን አልሰማም። ሰምቶ ፓምፑን ጠረጠረ።

«ልቀቂ» አለ።

አራቱንም ጎማ ዞሩት። ሲጨርሱ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። መኪናዋን ከድንጋዩ አወረዷት፤ ከልጅቷ መኪና ባትሪ አጋርተው ሲያስነሷት ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሳ። ልጁ እያለቀሰች ሳቀች። እሱ ፊቱ አልተፈታም።

«ወዴት ነን?» አለች ከጎኑ ተቀምጣ።

«ጥጉ ድረስ።»

ሻጩ አባ ጆሮ በበር ሲገባ አይቶ ፊቱን አጠቆረ፤ እጁን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ ጠበቀው።

«ፓምፑ ደህና ነበር» አለ አባ ጆሮ። «የመጀመሪያውም ደህና ነበር። በሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ሻጩ ይህን አልጠበቀም። ገበያተኞቹን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሁን ጋሼ፣ ያጋጥማል» አለው። «ታዲያ ብልሽቱ የቱ ጋ ኖሯል?»

ይህን ጥያቄ አባ ጆሮ ዕድሜውን ሙሉ ሲመልስ ኖሯል።

«ባለቤቴ እግሯ ደክሞ ነበር» አለ። «እኔ አልሰማሁም።»

ሌላም ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ልጁ ከመኪናው ሆና ሰምታ ሮጣ ገባች። ሻጩ ራዲዮኑን አጠፋና፣ መቀመጫ ዱካውን ከባንኮኒው ጀርባ አውጥቶ አባ ጆሮን አስቀመጠው።