ካልሲ የምታመሰኳ ፍየል

ያስቃል ተብሎ የተሰጣችሁ ነገር አቅለሽልሿችሁ ያውቃል? ሌላው ጥርሱን ሲገልጥ እናንተ ምራቃችሁን መዋጥ አቅቷችሁ? እኔን ከሚሴ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ገጥሞኛል። ያቅለሸለሸኝም የተበላሸ ምግብ ሳይሆን የልጆች መጽሐፍ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ለትምህርት ቤታችን አንድ ካርቶን ሙሉ ትንንሽ የማንበቢያ መጻሕፍት ተላኩልን። በየገጹ አንድ ሥዕልና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለ። ባለታሪኩ ረባሽ ቡችላ ነው፤ ጫማ ይሰርቃል፣ የተሰጣ ልብስ ይጎትታል፣ ጭቃ ላይ ይንከባለላል። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። መጻሕፍቱን በቅደም ተከተል ሲባጎ ላይ ሰቀልኳቸው፤ እንዳይቆሽሹም የእጅ መታጠቢያ ውሃ በጀሪካን አድርጌ በሩ ጋ አስቀመጥኩ።

መሃል ላይ ቡችላው በቤተሰቡ የገንፎ ሳህን ውስጥ አፉን ከቶ ይልሳል። እናትዬዋ ትስቃለች። በሚቀጥለው ገጽ ልጇ ከዚያው ሳህን ይበላል፤ ቡችላው በአንድ ወገን፣ ልጁ በሌላው። ሠዓሊው ጎበዝ ስለሆነ በሳህኑ ጠርዝ ላይ የቀረው ለሃጭ ሳይቀር ያብረቀርቃል።

በእኛ ሰፈር ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሳህን አይቀርብም። ድንገት ዕቃ ከላሰ ያ ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ይህን የሚያውቁት ሸኾች ብቻ አይደሉም፤ ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃንም ያውቀዋል። ገጹን ሳየው ምሳዬ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ይሁን እንጂ ተንኮለኛ እንስሳ ልጆችን ያስነብባል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ደካማው የእኔ ሆድ ይሆናል ብዬ ይዤው ክፍል ገባሁ።

የቸኮልኩበት ምክንያት ነበረኝ። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ዓመቱ እየተጋመሰ አንድም ቃል ጮክ ብላ አላነበበችም። ቤታቸው ኦሮምኛ ይነገራል፤ አማርኛውንም አሳምራ ታወራለች። ፊደሉ ላይ ስትደርስ ግን አፏን ትዘጋለች። አባቷ በየሳምንቱ ሰንበቴ ገበያ የሚሄዱ የፍየል ነጋዴ ናቸው። በዚያው ሰሞን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«መምህርት፣ ልጅቷን ፊደሉ እምቢ ካላት አላስጨንቃትም። እናቷም የሚያግዛት የለም። እስከ ዓመቱ መዝጊያ ልይና ካልሆነ ቤት ትዋል።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እኔማ እታገሣለሁ። በየጠዋቱ ሆዷን ቁርጠት የሚይዛት እሷ ናት» አሉኝ።

እናም የቡችላውን መጽሐፍ ከፍቼ አነበብኩላቸው። ሳህኑ ጋ ስደርስ ፊት ለፊት የተቀመጠው ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሳህኑ ሰባቴ ታጠበ?»

ገጹን ገለጥኩ። «አልታጠበም።»

«አንዱን በአፈር?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«እሺ ልጁስ፣ ሞተ?»

«አልሞተም። እየሳቀ ነው።»

«አስተግፊሩላህ» አለ። «ምኑ ነው የሚያስቀው?»

ሴቶቹ በሻሻቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። መጻሕፍቱን ሳድላቸው ገጹን በእርሳስ ጫፍ ይገልጡት ጀመር፤ አንዷ መጽሐፉ ያረፈበትን ዴስክ በእጅጌዋ ጠረገች። እኔ ደግሞ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሌላ አገር ውሻ እንደሚታጠብ፣ እንደሚከተብ፣ ቤት ውስጥ እንደሚያድር ነገርኳቸው።

«አልጋ ላይ?»

«አንዳንዴ።»

አንዱ ሊተፋ ወደ ውጭ ሮጠ። እኔም ብከተለው ደስ ባለኝ።

በዚህ መሃል ከመስኮቱ በኩል፣ ከሻሽ ሥር፣ አንድ ድምፅ መጣ። «የኛይቱ ፍየል ትብሳለች።»

ያቺ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ምን እንዳደረገች ጠየቅኳት።

«ቡሬ» አለች፤ ፍየሏ ቡራቡሬ ስለሆነች እንዲህ ይሏታል። «አባዬ ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ካልሲውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አኖረው። አንዱን ዋጠችው። ማታ ተኝታ ስታመሰኳ ተመልሶ መጣ። የጣቱ በኩል ከአፏ ወጣ። አባዬ ይስባል፣ እሷ ታኝካለች። አረንጓዴ ለሃጭ ሆኗል። ይሸታል፣ ወላሂ።»

«ከዚያስ?»

«አጠበውና አደረገው።»

ጠረጴዛዬን ያዝኩ። ልጆቹ ግን በሳቅ ዴስክ ላይ ተደፉ። ያ ስለ ሰባቱ የጠየቀው ልጅ እንባውን እየጠረገ፣ «እሱስ ሰባቴ ታጠበ?» አላት።

«ፍየል እኮ ናት። አንዴ በሳሙና።»

ለእኔ ሆድ የፍየሏ የባሰ ነበር። ቡችላው ቢያንስ የላሰውን መልሶ አላወጣም። ለልጆቹ ግን ውሻው ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፤ ፍየሏ ቆሻሻ ብትሆን የራሳቸው ቆሻሻ ናት። በየግቢያቸው እንዲህ ያለች አለች። አንዷ ፍየል የተማሪዬን እናት ሻሽ፣ ሌላዋ የመስጊዱን ማስታወቂያ በልታለች።

በማግስቱ ያረጀ የግድግዳ ካላንደር ገልብጬ ታሪኩን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። መጀመሪያ አጽድቼው ነበር፦ «ቡሬ ካልሲውን በላች። አባባ አዘነ።» ልጅቷ በጣቷ ባዶውን ቦታ አሳየችኝ።

«ለሃጩስ?»

«ለሃጩ ይቅር።»

«ለሃጩ ከቀረ ውሸት ነው።»

ጻፍኩት። በምወደው በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፌ «አረንጓዴ ለሃጭ» ብዬ ጻፍኩ፤ ልጆቹም ቅጠል ጨምቀው ሥዕሉን አረንጓዴ ቀቡት። ቅጠሉ ሲደርቅ ይሸት ስለነበር የማስተምረው መስኮት ከፍቼ ሆነ።

ዘዴው ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩ የራሷ ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ታውቀዋለች፤ አትፈራውም። ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች «ካልሲ» ትላለች። ኋላ ያንኑ «ካ» መጻሕፍቱ በመጡበት ካርቶን ላይ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ያየችውን ሁሉ ማንበብ ጀመረች፤ የሳሙና መጠቅለያ፣ የባጃጅ ኋላ፣ የሱቅ በር።

የቡሬም መጻሕፍት በረከቱ። በሁለተኛው መጽሐፍ ቃሚዎች የጣሉትን የጫት ገራባ በልታ እስከ ሱብሂ አዛን ስትጮህ አደረች። ሦስተኛው ላይ ልጆቹ መንገዱ ያዞረው ተሳፋሪ አስመልሶበት ከደሴ ሚኒባስ መስኮት የወረወረውን ፌስታል ሊያበሏት ፈለጉ።

«ይህን አልጽፍም» አልኩ። «ለሁሉም ነገር ወሰን አለው።»

በነጋታው ገጹ ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ፊደሎቹ ዘመዋል፣ አንዳንዱ ተዘሏል፣ ፌስታሉ ግን ከነይዘቱ በዝርዝር አለ። የመስኮቷ ልጅ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት ከአንድ ቃል በላይ ጽፋ አታውቅም። ሁሉንም አነበብኩት፤ ምነው ባላነበብኩት እያልኩ።

ዓመቱ ሊዘጋ ሲል አባቷ እንዳሉት መጡ። ልጅቷን ከፊታችን አቆምኳትና የካልሲውን መጽሐፍ ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ገጽ ቀስ ብላ፣ ሁለተኛውን ፈጠን ብላ አነበበች። «ይሸታል» የሚለው ላይ ስትደርስ አባቷ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህርት፣ ይህን ነው የምታስተምሪያት?»

«የቤታችሁን ነው የነገረችኝ፣ ጋሼ።»

ልጅቷ አላቋረጠችም። «አባዬ በሳሙና አንዴ አጠበው» ብላ ጨረሰች። እሳቸው ወደ ገጹ ጎንበስ አሉ።

«ተሳስታለች» አሉ። «አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ ነው ያጠብኩት። ይኸው።»

እግራቸውን ከኮንጎ ጫማቸው አውጥተው አነሱት። ካልሲው አሁንም ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ጣቱ ጋ ተዘንጥሏል። ከሰንበቴ መመለሳቸው ስለነበር ሽታው ጠረጴዛዬን አልፎ ጥቁር ሰሌዳው ጋ ደረሰ።

«ሁለቴ ብላ ታስተካክለው» አሉ። «ለሚቀጥለው ዓመትም መዝግቢልኝ።»

አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ ስለማላውቅ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ልጅቷ ቀድሞውኑ እርሳሷን አንስታ «አንዴ» የሚለውን እየሰረዘች ነበር።

እናንተም እስኪ ሞክሩት። ማንበብ የሚፈራ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ከሚያውቃቸው እንስሳት ሁሉ አስቀያሚውን ነገር ያደረገው የቱ እንደሆነ ጠይቁትና በራሱ አፍ እንዳለው ጻፉለት። ጉሮሯችሁን የሚያንቃችሁ ቃል ሲመጣ አትሰርዙት። መስኮቱን ክፈቱና መልሳችሁ ለእሱ ስጡት፤ ያንብብላችሁ።